በወይራ የታጠነ በርሜል

አርፌ መቀመጥ አልችልበትም። እናቴ «ይሄ ልጅ ልብሱ ውስጥ ጉንዳን አለ» ትል ነበር። ይህ ጠባዬ በሌላ ዘመን ብዙም ባልጎዳኝ፤ ወጣትነቴ ግን የዋለው በደርግ ጊዜ ነው፣ የደርግ ጊዜ ሥራ ደግሞ ግማሹ ስብሰባ ነበር። ግራ እጃችንን ጨብጠን መፈክር እናሰማለን፣ እንቀመጣለን፣ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይነሳና «ጓድ እንዳሉት» ብሎ ያንኑ ይደግመዋል። እኔ ከወንበሬ ጫፍ ላይ ሆኜ በሩን በሩን አያለሁ።

አዋሳ የተመደብኩት ገና ከትምህርት እንደወጣሁ ነው። ሥራዬ ንጽህና መቆጣጠር ነበር፤ ሥጋ ቤቱን፣ ሻይ ቤቱን፣ ጠጅ ቤቱን፣ የጉድጓድ ውሃውን እየዞርኩ አያለሁ። መዞር ስለሆነ ተስማማኝ። ጠዋት ሐይቁ ዳር ዓሣ ከሚያወርዱት ዘንድ እጀምራለሁ፣ ማታ አቧራዬን አራግፌ ቤቴ እገባለሁ። ቤቴ የምለው ደግሞ አንዲት ጠጅ ጣይ ሴት ግቢ ውስጥ የተከራየሁት ክፍል ነው። ጠጅ ቤት ተቆጣጣሪው ጠጅ ቤት ይኖራል እያሉ ጓደኞቼ ተሳለቁብኝ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ባለቤቲቱን «እትዬ» ነበር የምላቸው፤ ስማቸው ይቅር፣ ዘመዶቻቸው አሉ። ከወሎ ወታደር ባላቸውን ተከትለው ነው የመጡት። ባልየው ሰሜን ዘመቱና እዚያው ቀሩ። እትዬ በጠጅ አንዲት ሴት ልጃቸውን አሳደጉ፣ አስተማሩ፣ ዳሩ። ጠጃቸው ጥሩ ነበር፤ እሳቸው ግን የሚኮሩት በጠጁ አልነበረም፣ በንጽህናቸው ነው። ዕቃ ሲያጥቡ ማየቱ ራሱ ያደክማል። በግራዋ ቅጠል ይፈትጋሉ፣ ያለቀልቃሉ፣ ደግመው ይፈትጋሉ፣ መጨረሻ ላይ የወይራ ፍልጥ አጭሰው ዕቃውን ከላዩ ይደፉበታል። ጭሱ የዕቃውን ሆድ እስኪያጠግብ ድረስ አያነሱትም። «የኔ ጠጅ ካልታጠነ ዕቃ አይወጣም» ይሉ ነበር፣ እኔን በተለይ እያዩ። ለተቆጣጣሪ መልእክት መሆኑ ነው።

ሌላም ወግ ነበራቸው። ብርሌውን ለእንግዳ ከማቀበላቸው በፊት ከጠጁ ጠብ አድርገው በመዳፋቸው ይቀምሳሉ። የቆየ ልማድ ነው፤ ቀማሹ «ክፉ ነገር የለበትም፣ ካለበትም እኔን ያስቀድም» ማለቱ ነው። ሌሎቹ ጠጅ ቤቶች ትተውት ነበር። እትዬ ግን ለሹምም ለጋሪ ነጂም ሳይቀምሱ አያቀብሉም፤ ቀን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲሉ ይውላሉ።

በዚያ ዓመት ልጃቸው የመጀመሪያዋን ልትወልድ እናቷ ቤት መጣች። ወንድ ወለደች። የአራስ ቤቱ ከኔ ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ስለሆነ ሕፃኑ ሲያለቅስ እኔ ነኝ የምነቃው። እትዬ የክርስትናውን ድግስ ከወዲሁ ጀመሩ፤ ማር ገዙ፣ ጓዳ ውስጥ ካሉት በርሜሎች በአንዱ በረዙት። ጌሾ ሳይገባበት ከላዩ እየቀዱ ለአራሷ ይሰጧታል፤ ብርዝ ወተት ያወርዳል ብለው ነው። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው ከቱላ ነው። ቤት ሊያቆሙ ደቦ የወጡ ሰዎች የቀረበላቸውን ጠጅ ጠጥተው ታመሙ፤ በጋሪ ተጭነው ሆስፒታል መጡ። ያልባቸዋል፣ ለሃጫቸው ይወርዳል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ የዓይናቸው ብሌን ጠቦ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። አንዱ አባወራ አልተነሳም። ሐኪሙ ጠርቶኝ «ይሄ ስካር አይደለም፤ የተባይ ማጥፊያ ነው። ሂድና የጠጡበትን ዕቃ ፈልግ» አለኝ።

ሄድኩ። ዕቃው ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ነው። ጎኑ ላይ የራስ ቅል ሥዕል ነበረ፤ አንዱ በቢላ ፍቆት ጥርሶቹ ብቻ ቀርተዋል። ከመንግሥት እርሻው መጋዘን የወጣ ባዶ የተባይ ማጥፊያ በርሜል ነው። ያኔ በርሜል ማለት ወርቅ ነበር። ጋን ይሰበራል፣ በርሜል አይሰበርም፤ ውሃ ለሚቀዳውም፣ ጠላ ለሚጠምቀውም፣ ጠጅ ለሚጥለውም ሁሉም የሚመኘው እሱን ነው። መጋዘን ያሉት ሰዎችም ባዶውን በጓሮ እየሸጡ ከተማውን አዳርሰውታል። መርዙ ደግሞ ፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ይቀመጣል። ውሃ የማያወጣውን ጠጅ ቀስ እያለ ያወጣዋል።

ቤት እስክገባ ሮጥኩ ብል ይቀላል። በቀጥታ ጓዳ ገባሁ። ሦስት ሰማያዊ በርሜሎች ተደርድረዋል። ከመካከላቸው ባዶውን ከፍቼ ጭንቅላቴን አስገባሁ። የወይራ ሽታ ብቻ ነው፤ ደስ የሚል፣ የበዓል ሽታ። እዚያው ጎንበስ እንዳልኩ ፍርሃት ያዘኝ። ሴትየዋ በወግ መደረግ ያለበትን ሁሉ አድርገዋል፣ ያ ወግ ግን መርዙን አላወጣውም፤ ሽታውን ብቻ ሸፍኖታል።

«ምን ታሸታለህ?» አሉኝ ከኋላዬ።

«እትዬ፣ ይህ በርሜል መርዝ የነበረበት ነው። ቱላ ሰው ገድሏል።»

«አጥቤዋለሁ።»

«መታጠብ አያወጣውም።»

«አጥኜዋለሁ! ሸተተህ?»

«አልሸተተኝም፣ ግን…»

«እንግዲያው ምን ትለኛለህ? መርዝ ሸጣለች ልትለኝ ነው? እኔ ራሴ ሳልቀምስ የሰጠሁት ሰው አለ?» ዓይናቸው እንባ ሞላ። ንዴት ነው አልኩ። የሚያላብሳቸውንም ንዴት ነው አልኩት። ራስ ምታት ከያዛቸው ሰነባብቶ ነበር፤ «ምች ነው» እያሉ ዳማከሴ ያሻሉ፣ ይጨምቃሉ፣ ይታጠናሉ፣ ተመልሰው ጠጅ ቤት ይገባሉ።

በማግሥቱ ለአለቃዬ ሪፖርት አደረግሁ። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር፣ ዘመኑም ፈሪ ያስመሰግን ነበር። በሩን ዘጋና ድምፁን ቀነሰ።

«ሕዝቡን አንቃ፣ አስተምር። ግን የመንግሥት እርሻ የሚል ቃል ካፍህ እንዳይወጣ።»

«እሺ ጓድ።»

«በርሜል የሚለውም ባይነሳ ደግ ነው። ሰው በርሜል ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃል።»

«ታዲያ ምን ልበል ጓድ?»

አሰበና «ዕቃ በል» አለኝ። እየወጣሁ ሳለ መልሶ ጠራኝ። «ደግሞ መርዝ እያወቀ ለወዝአደሩ የሚሸጥ ካገኘህ አሻጥረኛ ነው። ስሙን አምጣ።»

ከቢሮው ወጥቼ የት እንደምሄድ ሳላውቅ ሐይቁ ዳር ደረስኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። አሻጥረኛ የሚለውን ቃል በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ያውቀዋል። በዚያ ቃል የተጠራ ሰው ቤቱ የሚመለስበት ጊዜ አይታወቅም። የማመጣው ስም ደግሞ ከኔ ግድግዳ ማዶ ያለው ነው። ዝም ካልኩ ከተማው ይታመማል፣ ከተናገርኩ እትዬን አብዮት ጠባቂዎች ይወስዷቸዋል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉን ዋጥ አድርጌ ስብሰባዬን ጠራሁ።

ቀበሌው ስብሰባውን እሑድ ከሰዓት አደረገው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ ደስ አለኝ። ቆይቼ ስመለከት ግን የመጡት ጠጅ የማይጠጡት ናቸው። ጠጪዎቹ እሑድ ከሰዓት የት እንደሚውሉ ይታወቃል። ፊት ለፊት የተቀመጡት ጎረቤታችን ጋሼ ነበሩ፤ ሲዳማ ናቸው፣ ልብስ ሰፊ፣ የጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ታሽጎ በየቤቱ ተደብቀው ከሚጸልዩት የፕሮቴስታንት ሽማግሌዎች አንዱ። ከኋላቸው ወገኖቻቸው ተደርድረዋል።

«ጓዶች» አልኩ፣ «ጠጅ የሚጣልበት ዕቃ… አንዳንድ ዕቃ… ጥንቃቄ ያሻዋል። ዕቃ መርዝ ሊይዝ ይችላል።»

«ምን ዓይነት ዕቃ?» አለ አንዱ።

«አንዳንዱ ዕቃ።»

«ቀለሙ?»

የቀበሌው ሊቀመንበር አፈጠጠብኝ። «ልዩ ልዩ» አልኩ። ያለኝን አንድ የሚጠቅም ነገር አመጣሁ፤ «ሰው ቤት ስትጋበዙ ከመጠጣታችሁ በፊት ከምን ዕቃ እንደተቀዳ ጠይቁ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ተነስቶ «አማቴ ቤት ሄጄ ከምን ዕቃ ቀዱልኝ ልበል? አንተ ልጅ ትዳር ልታፈርስ ነው የመጣኸው?» አለ። እውነቱን ነው። እንግዳ ሆኖ ስለ ዕቃ መጠየቅ ባለቤቲቱን ቆሻሻ ነሽ እንደማለት ነው። ከዚያ የባሰ ስድብ አላውቅም።

ያኔ ጋሼ ብድግ አሉ። «ልጁ እውነት ተናገረ! ጠጅ መርዝ እንደሆነ እኛ ድሮም እናውቃለን» ብለው አጨበጨቡ። ከኋላ ያሉት ሁሉ አጨበጨቡ። «እንደሱ አላልኩም» ብዬ ብጮህ ማን ይስማኝ፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ስብሰባው በጭብጨባ ተዘጋ። ፀሐይ ሳትጠልቅ በከተማው «የጤናው ልጅ ጴንጤ ሆነ» ተብሎ ተወራ። በዚያ ዘመን ይህ ወሬ ራሱ ያሳስራል። ጠጪዎቹ ደግሞ እልህ ያዛቸው፤ በማግሥቱ የእትዬ ቤት ከወትሮው ይልቅ ሞልቶ ዋለ። ሰው ከመርዝ እንዲሸሽ ሰብስቤ ወደ መርዙ ነዳሁት። ግድግዳ በቡጢ መታሁ፣ እጄ አበጠ።

በዚያው ቀን ጋሼ እንደ ልማዳቸው ጣሳቸውን ይዘው ከግቢያችን በር ደረሱ። እትዬ ለወዳጆቻቸው ለነጋሼ ጌሾ ያልነካው ብርዝ ይቀዱላቸው ነበር። በሩ ላይ ያዝኳቸው።

«ጋሼ፣ ብርዙ የሚቀዳው ከምንድን ነው?»

«ከማር» አሉ እየሳቁ።

«ዕቃውን ነው የምጠይቅዎ።»

ሳቃቸው ቆመ። በሹክሹክታ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በርሜሉን፣ እርሻውን፣ ቱላ የሞቱትን ሰውዬ። ጠጁ ሳይሆን በርሜሉ መሆኑን። ጋሼ ጣሳቸውን አገላብጠው አዩትና ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «እኔም ቤት አንድ አለ» አሉ፣ «ልጆቼ ውሃ የሚጠጡበት።» ቆይተው ደግሞ «ታዲያ ትናንት በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ስለምን በርሜል አላልክም?» አሉኝ።

«ተከልክዬ።»

«እኛም መዘመር ተከልክለናል» አሉ። «የተከለከለ ነገር በቀስታ ይባላል እንጂ አይተውም፣ ልጄ።» ከዚያ ጠጅ ቤቱን በአገጫቸው አመለከቱኝ። «ስለ መጠጥ አንተን አይሰሙህም፤ ገና ልጅ ነህ። እኔንም አይሰሙኝም፤ አልጠጣም። የሚሰሙት የምትቀዳላቸውን ነው። ሂድ፣ እሷን ለምናት። እኔም አብሬህ እገባለሁ።»

«ጠጅ ቤት?»

«ጠጅ ቤት» አሉና ተነሱ።

ስንገባ ጠጪው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። «ጋሼም ተመለሱ!» «ለጋሼ ብርሌ!» ይላል አንዱ ጋሪ ነጂ እያጨበጨበ። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ይባል የለ፣ እኔ ግን ምሳሌም አልመጣልኝ። እትዬ መሃል ቆመው ነበር። ፊታቸው ወዝቷል፣ ነጠላቸው አንገታቸው ላይ በላብ ተጣብቋል። የስብሰባው ወሬ እንደደረሳቸው ዓይናቸው ይናገራል።

«እንኳን መጣህ» አሉ ጮክ ብለው። «ሰዎች፣ ይህ ልጅ በርሜሌን አምቷል። ከግቢዬ ተከራይቶ፣ በደጄ እየወጣ እየገባ፣ መርዝ ትሸጣለች ብሎኛል።» ብርሌ አነሱ፣ ቀዱ። መዳፋቸውን ከፈቱ፣ ጠብ አደረጉ፣ ሁሉም እያየ ጠጡት። ደግመው ጠብ አደረጉ፣ ጠጡት። ከዚያ ብርሌውን ዘረጉልኝ። «ይኸው ቀመስኩልህ። ጠጣ!»

ብጠጣ ነገሬ ሁሉ ውሸት ሆነ፤ ባልጠጣ የቀመሰች ሴት እጅ መለስኩ፣ ይህን ደግሞ ማንም ይቅር አይልም። ብርሌውን አየሁት። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ጠጁ ከአንገቱ እየዘለለ ጣታቸው ላይ ይወርዳል። ቀና ብዬ ዓይናቸውን አየሁ። ብሌናቸው የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። ከዚያ በርሜል ከሁሉ አብልጠው የጠጡት እሳቸው ናቸው፤ ጠብ ጠብ እያሉ፣ ሰው እንዳይጎዳ እየቀመሱ።

«እትዬ» አልኩ፣ «ስለ ራስዎ አምኛለሁ። ግን ከነዚህ በርሜሎች ለአራሷ ይሰጧታል?»

ላስደነግጣቸው ብዬ ያመጣሁት ጥያቄ ነው። «አልሰጣትም» ቢሉ ነገሩ አለቀ፣ ብዬ ነበር። እጃቸው ባለበት ቀረ።

«እየሰጠኋት እኮ ነው» አሉ። «ብርዝ። ከጓዳው በርሜል። ከወለደች ጀምሮ።»

ብርሌው ወድቆ ተሰበረ። እኔ ያኔ ያሰብኩት ግድግዳውን ነው። ሕፃኑ ማልቀስ ካቆመ ሰነባብቷል፤ እንቅልፍ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

አራስ ቤቱ ስንገባ ልጅቷ አልጋው ላይ በላብ ርሳ ተኝታለች፤ ትራሷ በለሃጭ ራሷል። እናቷ ምች መትቷታል ብለው ዳማከሴ ግንባሯ ላይ አድርገውላታል። ሕፃኑ ጡቷ ሥር ነው፣ ግን አይጠባም። ጋሼ ሕፃኑን ከነጨርቁ አነሱት፣ እኔ እሷን ተሸከምኩ። ያ «ለጋሼ ብርሌ» ሲል የነበረው ጋሪ ነጂ ማንም ሳይጠራው ፈረሱን አምጥቶ ደጃፍ አቁሟል። ስካሩ ከፊቱ ጠፍቷል። እስከ ሆስፒታል ድረስ በፈረሱ ላይ ሲጮህ ነበር፣ ግማሹ ለቅሶ ነው።

ሐኪሙ እናትና ልጅን ተቀበለን፣ መርፌ አዘዘ፣ በሩን ዘጋ። እኔ ኮሪደሩን ከጫፍ ጫፍ እመላለሳለሁ፣ ነርሷ ተቆጣችኝ፣ ቆሜ ደግሞ ጀመርኩ። እትዬ ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አይነቃነቁም፣ አያለቅሱም። «አጥኜው ነበር እኮ» ይላሉ። ጋሼ አጠገባቸው ተንበርክከው በሲዳምኛ ይጸልያሉ። ደግመው «አጥኜው ነበር እኮ። በወይራ» ይላሉ እትዬ። በዚያ ቀን በከተማው ላይም፣ በአለቃዬም፣ በወይራውም ተናደድኩ። ፈራሁም። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ተረፉ። መጀመሪያ ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች፤ ሕፃኑ ግን ጊዜ ፈጀ፣ ከብዙ ጭንቅ በኋላ አንድ ጠዋት አለቀሰ። ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ስሰማው፣ እኔ የማልቀመጠው ሰው ተቀመጥኩ። እትዬንም ሐኪሙ አስገድዶ አስተኛቸው፤ ሲወጡ የእጃቸው መንቀጥቀጥ ቀንሷል።

ሁለተኛውን ስብሰባ የጠራሁት እኔ ነኝ፣ የመራሁት ግን እኔ አይደለሁም። ጠጪውም የማይጠጣውም መጣ፤ የእትዬ ልጅ ወሬ ከተማውን አዳርሶታል። መፈክሩ እንዳለቀ፣ እኔ ወረቀቴን ሳልዘረጋ፣ እትዬ ከሴቶቹ መሃል ተነሱ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው።

«እኔን ታውቁኛላችሁ» አሉ። «ከኔ ቤት ያልጠጣ የለም፤ ጠጅ የማይጠጣውም ብርዝ ወስዷል። ሰማያዊ በርሜል ገዛሁ። ከመንግሥት እርሻ የወጣ ነው።»

ሊቀመንበሩ ወደ ጣሪያው አየ። የኔ እግር ቆመ።

«በግራዋ አጠብኩት። በወይራ አጠንኩት። ቀመስኩት። አንድም የጎደለ ነገር የለም። ከዚያ ለልጄ ሰጠኋት። መርዙ አልሸተተኝም፣ ስቀምሰውም አልታወቀኝም። እኔ ያልሸተተኝ እናንተን ሊሸታችሁ ነው? ይኸው ነው። አሻጥረኛ ናት የሚል ካለ እዚሁ አለሁ።»

በሩ ላይ የቆሙት አብዮት ጠባቂዎች ሊቀመንበሩን ያያሉ፣ ሊቀመንበሩ ጣሪያውን ያያል። ያን ጊዜ ጋሼ ተነሱ። «እኔም ገዝቻለሁ» አሉ፣ «ከዚያው እርሻ። ልጆቼ ጠጥተውበታል።» ከኋላ አንዲት ሴት «እኔም» አለች። ወፍራሙ ሰውዬ ተነሳ፤ «አማቴም ቤት አለ» አለ፣ ያኔ ግን ማንም አልሳቀም። ጋሪ ነጂው፣ ዓሣ ሻጯ፣ አስተማሪው፣ «እኔም» «እኔም» እያሉ ቆሙ። መጨረሻ ላይ ከአብዮት ጠባቂዎቹ አንዱ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ «የኛም ቤት አለ» አለ። ሊቀመንበሩ ዓይኑን ከጣሪያው አወረደ። ቀበሌውን በሙሉ አሻጥረኛ ማለት እንደማይችል ተረድቷል። ጉሮሮውን ጠርጎ በርሜሎቹ ሁሉ ለሕዝብ ጤና ሲባል ይወገዱ ብሎ ወሰነ።

በየደጁ ሰማያዊ በርሜል ወጣ። ቀደድናቸው፣ ከከተማው ርቀን ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረን ቀበርናቸው። የእትዬን ሦስቱን በመጥረቢያ የቀደዷቸው ራሳቸው ናቸው፤ ላግዝዎ ብል ገፈተሩኝ። አለቃዬ አስጠርቶ «የመንግሥት እርሻ ያለው ማነው?» ሲለኝ፣ «ጓድ፣ ካፌ አልወጣም» አልኩት። እውነቴን ነበር። ትንሽ አየኝና «ውጣ» አለኝ።

ቀኑ ቢያልፍም ሕፃኑ ክርስትና ተነሳ። ጎረቤት ሁሉ ጋን አዋሰ። ድግሱ ላይ ጋሼ ከነቤተሰባቸው አሉ፣ ጋሪ ነጂው አለ፣ እኔም እንደ ልማዴ በር ላይ ቆሜያለሁ። ልጅቷ ሕፃኗን ታቅፋ መሃል ተቀምጣለች፣ ወደ ሰውነቷ ገና አልተመለሰችም።

እትዬ ብርዝ በብርሌ ቀድተው ወደ ልጃቸው ሄዱ። መዳፋቸውን ከፈቱ፣ ጠብ አደረጉ፣ ቀመሱ። ብርሌውን ዘረጉ።

ልጅቷ እጇን አላነሳችም። እናቷን ሳይሆን ብርሌውን ታየው ነበር። እትዬ እጃቸውን እንደዘረጉ ናቸው። ልመናቸው ከፊታቸው ይነበባል።

«እማዬ» አለች ልጅቷ በዝግታ፣ «ከምን ዕቃ ነው?»

ያን ጥያቄ እኔ ከተማ ሙሉ ሕዝብ ሰብስቤ አንድ ሰው እንዲጠይቀው ማድረግ አልቻልኩም ነበር። ሰው ሁሉ እትዬን አየ።

«ከጋን ነው ልጄ» አሉ። «ነይ፣ ላሳይሽ።»

ልጅቷ ሕፃኑን ለኔ ሰጥታ ተነሳች። ተያይዘው ጓዳ ገቡ።